ሳያረጋግጡ ዘር ያልሰጡት ተመራማሪ፣ ወይዘሮ ማስተዋል አለኸኝ

ከወረታ፣ ከሐሙሲትና ከይፋግ ሐዘናችንን ልትካፈሉ የመጣችሁ ወገኖቻችን፣ እኔ የሟች ታላቅ ወንድም ቢሻው አለኸኝ ነኝ። የእኅቴን ታሪክ እንዳነብ ቤተሰቡ ስላዘዘኝ፣ ድምፄ ቢቆራረጥ ታገሡኝ።

ወይዘሮ ማስተዋል ከአባታቸው ከአቶ አለኸኝ አዛናውና ከእናታቸው ከወይዘሮ ትሁን ፈንታ በመስከረም 1970 ዓ.ም.፣ ክረምት በገባ ቁጥር የርብ ወንዝ ሞልቶ በሚያጥለቀልቀው ሜዳ ላይ ተወለዱ። አባታችን፣ ጎረቤቱ ሩዝን የውኃ ሣር እያለ ሲስቅበት፣ ደፍረው ከዘሩት ቀደምት ገበሬዎች አንዱ ነበሩና ወይዘሮ ማስተዋልም ጭቃ ውስጥ ቆመው ሲያርሙ አደጉ። ትምህርታቸውን በወረታ ከተከታተሉ በኋላ በ1992 ዓ.ም. በዕፅዋት ሳይንስ ተመርቀው በግብርና ባለሙያነት ሲያገለግሉ ቆይተው፣ ሁለተኛ ዲግሪያቸውን ይዘው በሩዝ ተመራማሪነት ተቀጠሩ። በ1996 ዓ.ም. የሐሙሲቱን መምህር አቶ ቻላቸው የኔነህን በቅዱስ ቁርባን አግብተው ልጃቸውን ምኞትን ወለዱ።

በ2002 ዓ.ም. የእኔ ሩዝ ዛላው ከሽፋኑ ሳይወጣ እየበሰበሰ አለቀ፤ ከዳር ያለች አንዲት ጠባብ መሬት ላይ የበቀለው ብቻ ለምልሞ ቆመ። እኔ የዕድል ነገር ነው ብዬ ትቼው ነበር፤ እርሳቸው ግን ተንበርክከው ሥሩን ከነአፈሩ ነቅለው ወሰዱ። የታመመውና የዳነው ሩዝ ዘረ መል ተነብቦ አንድ ሆኖ ሲገኝ፣ ምስጢሩ ከዘሩ ሳይሆን በሥሩ ዙሪያ ከሚኖሩት፣ በዓይን ከማይታዩት ደቂቅ ሕዋሳት እንደሆነ ተረዱ። እነዚያንም ለይተውና አራብተው ዘሩን በእነርሱ እየለወሱ ይሞክሩ ጀመር። አንድ ጊዜ መብራት ለአራት ቀን ጠፍቶ የሦስት ዓመት ናሙና ማቀዝቀዣ ውስጥ ቢበላሽባቸው፣ አንድ ቀን አልቅሰው በማግሥቱ ከአንድ ጀመሩ።

በ2007 ዓ.ም. የወረታው የሙከራ ማሳ ሲያምር የይፋጉ እንደ ቀድሞው በሰበሰ። እኔ ያየሁት የወረታውን ብቻ ነበርና ዘር ልጠይቅ ቤታቸው ሄድሁ።

«እኅቴ አይደለሽም ወይ? ለአንድ ጥማድ የሚሆን ብትሰጪኝ ማን ያያል?» አልኋቸው።

«ወንድሜ፣ የይፋጉ ለምን እንደበሰበሰ ገና አላወቅሁም። ሳላውቅ ብሰጥህ ልጆችህን ነው የማስርብ» አሉኝ።

የቀረበልኝን ሳልቀምስ ወጣሁ፤ ከዚያች ቀን ጀምሮም ዓመት ሙሉ ደጃቸውን አልረገጥሁም።

የጡት ካንሰር እንደያዛቸው የሰማሁት ከባዳ ሰው፣ ወረታ ገበያ ላይ ነው። ስደርስ ከአዲስ አበባ ሕክምና ተመልሰው፣ ፀጉራቸው ረግፎ፣ አልጋ ላይ ነበሩ። ይቅርታ ልለምን እግራቸው ላይ ብወድቅ፣ ስለ ቅያሜዬ አንድ ቃል ሳያነሡ «ማሳህ ዘንድሮም በሰበሰ?» ብለው ጠየቁኝ። መበስበሱን ስነግራቸው «እንግዲያው ለሙከራ ስጠኝ» አሉ። የይፋጉ ዘር ሳይዘራ በፊት በሞቃት መጋዘን ሰንብቶ ሕዋሳቱ ሞተውበት እንደነበር ደርሰውበት ነበር። ሰኔ ላይ ዘሩ ሲዘራ በወንበር ተሸክመናቸው፣ ከማሳዬ ዳር ተቀምጠው እስኪጨረስ አዩ።

ከዚያ በኋላ ሕመሙ ፀንቶባቸው፣ በጥቅምት 6 ቀን 2009 ዓ.ም. በተወለዱ በሠላሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ትናንት ከማሳው ደርሼ ዛላው ንጹሕ ሆኖ መውጣቱን አይቻለሁ፤ እርሳቸው ግን አላዩትም። ባልደረቦቻቸው አንድ ክረምት ማስረጃ አይሆንም ይላሉ፤ እኔም ከእንግዲህ አልቸኩልም።

ወይዘሮ ማስተዋል እናታቸውን ወይዘሮ ትሁንን፣ ባለቤታቸውን አቶ ቻላቸውን፣ የአሥራ አንድ ዓመት ልጃቸውን ምኞትንና እኔን ወንድማቸውን ትተውን ሄደዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን፤ ልጃቸውን የቀበሩ እናታችንን ያጽናናልን፤ ለምኞትም እርሱ ራሱ እናት ይሁናት። አሜን።