የወይዘሮ አንጓች ዘር ቆጠራ

(ብቸና፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ። ባላቸው ከሞቱ አሥራ አንድ ዓመት የሆናቸው የስልሳ ስምንት ዓመቷ ወይዘሮ አንጓች በግቢያቸው ጎመን እየቀነጠሱ የመጀመሪያ ልጃቸውን፣ የብረታ ብረት ነጋዴውን ልየውን፣ አፋጥጠው ይዘዋል።)

አንጓች፦ ነገ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴው ላይ፣ ሰው ሁሉ በተቀመጠበት፣ ትነሳና «ዋሽቻለሁ» ትላለህ። ሌላ የምለምንህ የለኝም።

ልየው፦ እማዬ፣ ውሸት አትበይው። ትንሽ አሳምሬ ነው የተናገርኩት።

አንጓች፦ በቅሎ ጠባቂውን አያቴን ቢተውን የፊታውራሪ አስረስ ልጅ አድርገህ፣ በልጅህ ሰርግ ድንኳን ውስጥ በድምፅ ማጉያ ስታውጅ ምኑን ነው ያሳመርከው?

ልየው፦ አራት ሺህ ሰው ዓይን ዓይኔን እያየኝ ምን ልበል?

አንጓች፦ ሦስት መቶ አይሞላም ነበር። ወጡን የሠራሁት እኔ ነኝ።

ልየው፦ አማቾቻችን እኮ ዘራቸውን እየቆጠሩ፣ እየቆጠሩ ነጋሪት ሊያስመቱ ምንም አልቀራቸውም። ዝም ብል ልጄን ከሜዳ ያነሷት ይመስላቸው ነበር።

አንጓች፦ ይኸው የሷ ሰርግ አማረ፣ የኔ ፈረሰ። ሐሙስ ዕለት ሦስቱ ሽማግሎች መጥተው በረንዳዬ ላይ ተቀመጡ። «አቶ ይስማው ልከውናል፣ በሕግ በሥርዓት ሊያገቡሽ ይፈልጋሉ» አሉኝ። ደስ አለኝ፤ ምን ልደብቅህ። ከዚያ መሪጌታ ሐዲስ «እስከ ሰባት ቤት ዝምድና እንዳይኖር ዘር እንቁጠር» አለ። የአቶ ይስማው አያት ፊታውራሪ አስረስ ናቸው፤ እሱ እውነት ነው፣ አገር ያውቀዋል። «የአንጓችን ደግሞ ልየው በሰርጉ ቆጥሮልናል» ብሎ ቀጠለ። አንጓች፣ አባቷ መኮንን፣ አያቷ ቢተው፣ ቅድመ አያቷ ፊታውራሪ አስረስ። የአንድ እጁን ጣት ሳይጨርስ «ሥጋ ዘመዳሞች ናችሁ» ብሎ ተነሣ። ያቀረብኩትን ዶሮ እንኳ ሳይቀምሱ ሄዱ።

ልየው፦ ዶሮ አርደሽ ነበር? እኔ ስመጣ ሁልጊዜ ሽሮ ነው።

አንጓች፦ አንተ ሽማግሌ ልከህብኝ አታውቅም።

ልየው፦ ታዲያ ልጄ ቀባጥሮ ነው አትያቸውም ነበር?

አንጓች፦ አልኳቸው እንጂ። «ሙሽራ ለራሷ ስትመሰክር አይሰማም» አሉኝ። አቶ ይስማውም ሄደው ነገሯቸው፤ «ሙሽራውም ያው ነው» አሏቸው። ልየው በሕዝብ ፊት የቆጠረውን በሕዝብ ፊት ይመልስ፣ ያን ጊዜ እንመጣለን ብለዋል።

ልየው፦ እኔን የሚገርመኝ ጋሽ ይስማው ናቸው። የተከበሩ የከብት ሐኪም፣ ጡረታቸውን ይዘው እንደ መቀመጥ። ደግሞ ሦስት ዓመት ያንሱሻል።

አንጓች፦ ላሜን ሊያዩልኝ ነው የሚመጡት።

ልየው፦ ላምሽ ዘንድሮ ሃምሳ ጊዜ ታከመች።

አንጓች፦ ስድስት ጊዜ።

ልየው፦ ምኗን ታማ?

አንጓች፦ ምንም አልሆነችም። እሱም ያውቃል።

ልየው፦ «እሱ»? አንቱታው የት ሄደ?

አንጓች፦ አራተኛው ሕክምና ላይ ቀረ።

ልየው፦ እኔ እኮ አልተውኩሽም፣ እማዬ። በየሳምንቱ እየመጣሁ አይደል?

አንጓች፦ ትመጣለህ። ስለ ሱቅህ ታወራለህ፣ የሚመቀኙህን ሰዎች ትቆጥርልኛለህ፣ ትበላለህ፣ ትሄዳለህ። ይስማው እዚያች በረንዳ ላይ ተቀምጦ «እንዴት ዋልሽ» ይለኛል። ብሎም ዝም ይላል፤ መልሴን እስክጨርስ። አንዳንድ ቀን መልሱ እስኪመሽ ድረስ አያልቅም።

ልየው፦ እሺ። መላ አለኝ።

አንጓች፦ ፈራሁ።

ልየው፦ በመሀል አምስት ሰው እጨምራለሁ። አስረስ እከሌን ወለደ፣ እከሌም እከሌን ወለደ እያልኩ ስምንት ቤት አስገባዋለሁ። ፊታውራሪነቱ ከእጃችን አይወጣ፣ አንቺም ታገቢያለሽ።

አንጓች፦ ፊታውራሪው ጣልያን አገራችንን ሲይዝ በሕይወት ነበሩ። እኔ ጣልያን በወጣ በአሥራ አምስት ዓመቱ ተወለድኩ። ያንን ሁሉ ሰው የት ላይ ነው የምታስገባው? አያቶቼ ጡት ሳይጥሉ ነው የሚወልዱት?

ልየው፦ እንግዲያው ዘሩን ወደ አባዬ እናዙረው። የፊታውራሪው ወገን እሱ ነበር፣ አንቺ ባዳ ነሽ።

አንጓች፦ ያኔ ደግሞ ይስማው የዘመዱን ሚስት ሊያገባ ነው። ሐሙስ በሰላም የወጣው መሪጌታ በመቋሚያው ነው የሚያባርረኝ።

ልየው፦ የሱቄን ታፔላ አይተሻል? «ፊታውራሪ አስረስ ብረታ ብረት»። ደብረ ማርቆስ ላይ ቆመሽ ይነበባል።

አንጓች፦ ከመንገዱ ማዶም አይነበብ፤ ባሕር ዛፉ ከልሎታል።

ልየው፦ የእድሩ ሊቀመንበር ያደረጉኝ በዚህ ዘር ነው። ነገ ተነሥቼ «የበቅሎ ጠባቂ ዘር ነኝ» ካልኩ ከነገ ወዲያ በየትኛው መንገድ ልለፍ? አማቾቼን በምን ዓይኔ ልያቸው?

አንጓች፦ ያ በቅሎ ጠባቂ ምን እንደሠራ ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?

ልየው፦ በቅሎ ጠበቀ።

አንጓች፦ ስማኝ። እኔም ግማሹን የሰማሁት ከይስማው ነው። ፊታውራሪው ጣልያንን ሲዋጉ ጭናቸውን ተመትተው ዓባይ በረሃ ወረዱ። ቁስሉ አመረቀዘ። አሽከሩም ዘመዱም «አይተርፉም» እያለ አንድ በአንድ ጥሏቸው ወጣ። በቅሎ ጠባቂያቸው ቢተው ብቻ ቀረ። የሰው መድኃኒት አያውቅም፤ የሚያውቀው የኮርቻ ቁስል ማከም ነው። በዚያው በበቅሎይቱ መድኃኒት አከማቸው። ዋሻ ውስጥ አርባ ቀን አስታመመና በበቅሎይቱ ጭኖ ደጋ አወጣቸው። የይስማውን አባት የወለዱት ከዚያ በኋላ፣ በእርጅናቸው ነው።

ልየው፦ ይኼን ማን ያውቃል?

አንጓች፦ በይስማው ቤት ሁሉም። አባቱ ማታ ማታ ሲያጫውተው የቢተውን ስም እየሰማ ነው ያደገው። የከብት ሕክምና የተማረውም በዚያ ምክንያት ነው። መጀመሪያ ላሟን ሊያይ የመጣ ቀን የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። የያዘውን መርፌ አስቀምጦ፣ ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ። ለኔ እስከዛሬ ባርኔጣ ያወለቀልኝ ሰው አልነበረም።

ልየው፦ ቆይ። ቢተው ባይኖር ፊታውራሪው ይሞታሉ።

አንጓች፦ ይሞታሉ።

ልየው፦ የጋሽ ይስማው አባት አይወለዱም። ጋሽ ይስማውም የሉም። ያ ሁሉ ዘር፣ ዳኛው፣ ኮሎኔሉ፣ ወፍጮ ቤት ያለው ወንድማቸው፣ አንዳቸውም የሉም።

አንጓች፦ እንግዲህ አስበው።

ልየው፦ ታዲያ የፊታውራሪ አስረስ ቤት በሙሉ የኛ ሥራ ነዋ። ከፊታውራሪ መወለድማ ማንም ይወለዳል፤ ፊታውራሪ ማትረፍ ነው እንጂ። አማቾቼ ማንን አተረፉ? ቆጥረው ቆጥረው አንድ በግ ያዳነ ሰው አልጠሩም። አርባ ቀን ነው ያልሽኝ?

አንጓች፦ አርባ።

ልየው፦ ሰባት ወር ነው ብልስ? አንድ ሻለቃ ሙሉ ጣልያን ዋሻውን ከቦ፣ ቢተው በአንድ እጁ ቁስሉን እያጠበ በአንድ እጁ እየተኮሰ፤ በቅሎይቱም ፊታውራሪውን እንደተሸከመች ዓባይን በአንድ ዝላይ...

አንጓች፦ መጀመሪያ «ቢተው የፊታውራሪ ልጅ አይደለም» ብለህ ጀምር። ከዚያ በኋላ ለበቅሎይቱ ክንፍም አውጣላት፤ ይስማውን እንደሆነ አጠገቤ አስቀምጬ እንዳይስቅ እኔ እቆነጥጠዋለሁ።