ማዳበሪያ ውስጥ የገባው ባቡር

ኮምቦልቻ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፤ ርብቃ ከገበያ ስትመለስ፣ ከደሴ የመጡት አማቷ ወይዘሮ አስካለ ሳሎኗ መሃል ቁጭ ብለው የማዳበሪያ አፍ ሲያስሩ ደረሰች።

ርብቃ፦ ማዳበሪያውን ያስቀምጡ!

አስካለ፦ ቤት ሲገባ መጀመሪያ ሰላምታ ነው። እናትሽ ይህን አላስተማረችሽም?

ርብቃ፦ እናቴ የሰው ዕቃ አትንኪ ብላ ነው ያሳደገችኝ። ያስቀምጡት አልኩ!

አስካለ፦ የምን የሰው ዕቃ? የልጄ ቤት ነው። ሶፋው የልጄ፣ ምንጣፉ የልጄ።

ርብቃ፦ ባቡሩስ?

አስካለ፦ የትኛው ባቡር? እኔ የለቀምኩት የተዝረከረከ የፕላስቲክ ጡብ ነው።

ርብቃ፦ የተዝረከረከ! ጎታቹ ከነፉርጎዎቹ ተገጣጥሞ ሐዲዱ ላይ ቆሞ ነበር እኮ። ጠዋት ሶፋውን ሲዞር አይቼው ነው የወጣሁት።

አስካለ፦ አሁን ማዳበሪያ ውስጥ ዐርፏል። ሲዞር ውሎ ደክሞታል።

ርብቃ፦ ሰበሩት?

አስካለ፦ ምኑ ይሰበራል? ጫፉን ነካ ሳደርገው እንደ ቆሎ ተበተነ እንጂ። የረባ ሥራ ቢሆን በአንድ ጣት ይፈርስ ነበር?

ርብቃ፦ በመታጠፊያው ላይ እየተገለበጠ ክረምቱን ሙሉ አሳብዶኛል። ያን ነው በአንድ ጣት ያፈረሱት።

አስካለ፦ የሚገለበጠውማ ምን ይሁን፤ ፉርጎው ውስጥ ጠጠር ሞልተሽበት! ጠራርጌ በረንዳ ላይ ደፋሁልሽ።

ርብቃ፦ ጠጠሩ ክብደቱ ነው! ሐዲዱን ይዞ እንዲሄድ መዝኜ ያስገባሁት!

አስካለ፦ ኧረ ወዬ! የተማረች ሴት፣ የፊዚክስ መምህርት፣ ለጠጠር ስትጮህ።

ርብቃ፦ ነገ ጠዋት ይዤው አዳማ እንደምሄድ ያውቃሉ አይደል?

አስካለ፦ ከየት አውቄ?

ርብቃ፦ ያውቃሉ። ባለፈው እሁድ እርስዎ ቤት ምሳ ላይ ልጅዎ ይድነቃቸው ራሱ ነው የነገርዎት። የባቡር ማሠልጠኛው ሰዎች ሰኞ ያዩታል፣ ከወደዱት ለሠልጣኞቻቸው ማስተማሪያ እንድሠራላቸው ይቀጥሩኛል ብሎ። እርስዎም «እሰይ» ብለዋል።

አስካለ፦ «እህ» ነው ያልኩት። እህና እሰይ አትለዪም?

ርብቃ፦ አሁን ለየሁ።

አስካለ፦ ባል ያላት ሴት አዳማ ምን ልትሠራ? ልጄን እዚህ ማን ሊያበላው?

ርብቃ፦ ሁለት እጅ አለው፣ ምድጃም አለው።

አስካለ፦ እኔ ቤት ድስት ነክቶ አያውቅም!

ርብቃ፦ ለዚህ ነው ስንጋባ ሻይ አፈላለሁ ብሎ ውሃ ያሳረረው።

አስካለ፦ ተሳለቂ፤ ይመችሽ። ደሴ ጎረቤቱ ምን እንደሚል ታውቂያለሽ? «የአስካለ ልጅ ቤት መጫወቻው ሞልቷል፤ ተጫዋቹ ነው የጠፋው።»

ርብቃ፦ ጎረቤት ነው ያለው ወይስ እርስዎ?

አስካለ፦ ጎረቤት ሲለው እኔ ዝም አልኩ። ምን ብዬ ልመልስ?

ርብቃ፦ እሱ የእኔና የባሌ ጉዳይ ነው፤ እርስዎ በማዳበሪያ አስረው የሚወስዱት አይደለም። ይስጡኝ። ይልቀቁ እንጂ!

አስካለ፦ በይ ውሰጂ፤ እጄን ልትቆርጪው ነው እንዴ?

ርብቃ፦ ሐዲዱ አለ... ጎማዎቹም አሉ... ሞተሩስ? ሞተሩ የታለ?

አስካለ፦ የምን ሞተር?

ርብቃ፦ ጥቁር፣ ሽቦ ያለው፣ የክብሪት ቤት የሚያህል።

አስካለ፦ እሱማ ዘይት ነክቶት ነበር። ሳፋው ውስጥ ነው።

ርብቃ፦ ሳፋው ውስጥ ውሃ አለ!

አስካለ፦ በደረቁ ይታጠባል? ሳሙናም አድርጌበታለሁ።

ርብቃ፦ እግዚኦ! ይኸው፣ አረፋ ይተፋል። አለቀለት። እማማ፣ ይሄ ጽዳት አይደለም፤ አውቀው ነው ያደረጉት። የማያውቅ ሰው ጡቡን ይበትናል፣ ማዳበሪያ ውስጥ ይከታል፤ ሞተሩን ነቅሎ ለብቻው ውሃ አይነክርም።

አስካለ፦ እኔ እቴ ስለ ፕላስቲክ ምን አውቄ? የቆሸሸ አየሁ፣ አጠብኩ።

ርብቃ፦ አውሮፕላኑንስ? ቁምሳጥኑ ላይ አቧራ ለብሶ እያዩት አልፈዋል። እሱ አልቆሸሸም?

አስካለ፦ እሱ... አልደረስኩበትም። አጭር ነኝ።

ርብቃ፦ ወንበር አለ።

አስካለ፦ ረሳሁት እንግዲህ! ፍርድ ቤት አቁመሽኛል?

ርብቃ፦ ያን አውሮፕላን የተጋባን ሰሞን እኔና ይድነቃቸው ከዚሁ ጡብ አብረን ነው የሠራነው። ውልብልቢቱን እንዲዞር ያደረግሁት እኔ፣ እግሩን እንዴት አጥፎ እንደሚሰበስብ ያገኘው እሱ። ልጅዎ እንደዚህ ያለ ሰው ነው። እርስዎ ምን እንዳደረጉ ሲሰማ ዐይንዎን አያይም።

አስካለ፦ ልጄ? የእኔን ዐይን?

ርብቃ፦ ትናንት አዲስ ባትሪ ድንጋይ ገዝቶ ገባ። ባቡሩ የሚጓዝበትን ካርቶን በስፖንጅ ያዘጋጀልኝ እሱ ነው። «ኮራሁብሽ» አለኝ።

አስካለ፦ አለሽ?

ርብቃ፦ አለኝ።

አስካለ፦ በአፉ?

ርብቃ፦ በምኑ ሊለኝ ኖሯል?

አስካለ፦ እንጃ። ጠየቅኩ እንጂ።

ርብቃ፦ ልደውልለት ነው።

አስካለ፦ ተይው! ሰው መሃል ይሆናል።

ርብቃ፦ ሰው መሃልም ይስማ። እናቱ ምን እንደሠሩ ይስማ።

አስካለ፦ ስልኩን አስቀምጪ አልኩሽ። አጥብቆ ጠያቂ የእናቱን ሞት ይረዳል!

ርብቃ፦ እናቴን ቀብሬያለሁ፤ ከዚያ በላይ የሚያስፈራኝ መርዶ የለም። ሃሎ? ይድኔ... እናትህ እዚህ ናቸው። ባቡሩን ፈታትተው ማዳበሪያ ውስጥ ከተቱት። ሞተሩን ሳሙና ውሃ ነከሩት... አዎ... አዎ፣ ሁሉንም... እ? ማን? ... አይ፣ አጠገቤ ናቸው... እንዴት እንደዚህ ትላለህ? ... እሺ። እሺ አልኩህ። ቻው።

አስካለ፦ ምን አለ?

ርብቃ፦ ደነገጠ።

አስካለ፦ ደነገጠ! ሌላስ?

ርብቃ፦ ይቅር፣ እማማ። በንዴት ነው የደወልኩት።

አስካለ፦ አሁን ይቅር አይባልም። ልጄ ስለ እኔ ያለውን ንገሪኝ።

ርብቃ፦ «እናቴ አርጅታለች» ነው ያለው። «አባቴ ከሞተ ወዲህ ጭንቅላቷ ልክ አይደለም፤ የምትሠራውን አታውቅም፤ እንዳትቀየሚያት» አለ። «ቁልፍ ማን እንደሰጣትም አላውቅም» አለ። «ሁለተኛ እንዳታስገቢያት» አለኝ።

አስካለ፦ ጭንቅላቷ?

ርብቃ፦ እኔ እንኳ እንደሱ አላስብም። እርስዎ ክፉ ነዎት እንጂ ጭንቅላትዎ ደህና ነው።

አስካለ፦ እግዜር ይስጥሽ። ሲናገር ድምፁ ተንቀጠቀጠ?

ርብቃ፦ አልተንቀጠቀጠም።

አስካለ፦ ትናንት ለእኔ ሲደውል ግን እንደ ሕፃን ያለቅስ ነበር።

ርብቃ፦ ትናንት መቼ?

አስካለ፦ ባትሪ ልገዛ ብዬ ወጥቼ ነው አለኝ። ሱቁ በር ላይ ቆሞ።

ርብቃ፦ ምን ብሎ ደወለ?

አስካለ፦ «እማዬ፣ ርብቃ ልትሄድብኝ ነው። አዳማ ከገባች አትመለስም። አትሂጂ ብላት ትጣላኛለች፤ ዝም ብላት ትሄዳለች። ነገ ገበያ ስትወጣ ነይና ባቡሩን አፍርሺልኝ። ጥቁሩን ነገር ነቅለሽ ውሃ ንከሪው፤ እሱ ከሌለ አይንቀሳቀስም። ሳጸዳ ነው በያት፤ አንቺን ምንም አትልሽም።»

ርብቃ፦ ውሸት ነው። ልጅዎን ከእኔ ሊለዩ የፈጠሩት ነው።

አስካለ፦ ይኸው ቁልፉ። ዛሬ ጠዋት በሚኒባስ ረዳት እጅ ደሴ ድረስ የላከልኝ። የማን ነው?

ርብቃ፦ እስቲ ላየው።

አስካለ፦ የማን ነው?

ርብቃ፦ የእሱ ነው። መያዣውን እኔ ነኝ የሠራሁለት፤ ከአንዲት ቀይ ጡብ።

አስካለ፦ እንግዲህ እኔ ከደሴ ተነሥቼ ጥቁሩ ነገር ምን እንደሆነ ከየት አውቄ? አንቺው ጠይቀሽኝ አልነበር?

ርብቃ፦ ኮራሁብሽ አለኝ። ካርቶኑን ሲያዘጋጅ... ስፖንጁን ሲቆርጥ እኮ እየሳቀ ነበር።

አስካለ፦ ውሃ አጠጪኝ።

ርብቃ፦ ራስዎ ይቅዱ።

አስካለ፦ እሺ። ይገባኛል።

ርብቃ፦ የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ሲሉ እሰማ ነበር። እኔ ደግሞ ከጅቡ ጋር ስታገል፣ ባሌ መጥቶ ያስጥለኛል ብዬ ስልክ እደውላለሁ!

አስካለ፦ ጅብም ብሆን የተላክሁ ጅብ ነኝ።

ርብቃ፦ ተልከው እሺ ብለው መጡ! ለምን? «ልጄ፣ ራስህ ንገራት» ማለት አቅቶዎት ነው?

አስካለ፦ ልጅ ሲያለቅስ እናት ለምን ብላ አትጠይቅም። ደግሞ እውነቱን ልንገርሽ፤ አልወድሽም። ደስ ብሎኝ ነው የመጣሁት።

ርብቃ፦ አውቃለሁ። ስገባ ማዳበሪያውን ሲያስሩ ያንጎራጉሩ ነበር።

አስካለ፦ አንጎራጉሬያለሁ። ልጄን ከደሴ ነቅለሽ እዚህ ወሰድሽው፤ አሁን ደግሞ እሱን ጥለሽ ወደ ባቡር። ተናደድኩ። ግን እኔ የተናደድኩትን በአፌ እላለሁ። አባቱም ክፉ ሰው ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና፤ ቢሆንም እምቢ ሲል በራሱ አፍ ነበር። ይሄ ከማን ወጣ? ፈሪ ለእናቱ ይባላል፤ የእኔው ፈሪ እናቱን ከፊት አስቀደመ። አስቀድሞም ጭንቅላቷ ልክ አይደለም አለ!

ርብቃ፦ ዞር ይበሉልኝ። ወንበሩን ላምጣው።

አስካለ፦ አውሮፕላኑን ምን ልታደርጊው ነው?

ርብቃ፦ ሆዱ ውስጥ ሞተር አለ። ውልብልቢቱን የሚያዞረው።

አስካለ፦ ልታፈርሺው? ከልጄ ጋር አብረን ሠራነው አላልሽም?

ርብቃ፦ ግማሹ የእኔ ነው። ሞተሩ ያለበት ግማሽ።

አስካለ፦ ቆይ፤ ተንፍሺ መጀመሪያ። ከወንበሩ ላይ እንዳትወድቂ።

ርብቃ፦ ጊዜ የለኝም። ጠዋት አውቶቡስ አለኝ። ባቡሩን መልሼ ልገጥመው ነው፤ ካልተገጠመም ማዳበሪያውን ተሸክሜ እሄዳለሁ። እዚያው እነሱ ፊት ቁጭ ብዬ እገጥመዋለሁ።

አስካለ፦ ስልኬ ነው የሚጮኸው?

ርብቃ፦ የእርስዎ ነው።

አስካለ፦ እሱ ነው። ዝም በይ። አቤት፣ የኔ ልጅ... አዎ፣ አለች... አይ፣ አልተጣላንም... ምኑን? ... ነገርኳት። ሁሉንም። ቁልፉንም አሳየኋት... ለምን? እኔ ምን ዐውቄ ልጄ፤ ጭንቅላቴ ልክ አይደለም እኮ፤ የምናገረውን አላውቅም... አታልቅስ። አሁን አታልቅስብኝ... ራት? ራትህን ራስህ ሥራ፤ ውሃ እንዳታሳርር ብቻ።

ርብቃ፦ ምን አለ?

አስካለ፦ «መጣሁ» አለ። «ላስረዳት» አለ።

ርብቃ፦ ይምጣ። የሚያስረዳኝን እሰማዋለሁ።

አስካለ፦ እዚያ ላይ ነው የምትሸነፊው። በር ላይ ተንበርክኮ ያለቅሳል። አንቺ ደግሞ ወለሉ ላይ የተበተነ ነገር ይዘሽ ቁጭ ብለሻል። «ሰኞ ይለፍ፣ ሌላ ጊዜ ትሄጃለሽ፣ ያን ጊዜ እኔው እወስድሻለሁ» ይልሻል። አንቺም ደክሞሻል፤ እሺ ትያለሽ። ስንት ጊዜ እኔን እንደዚያ አድርጎኛል!

ርብቃ፦ እሺ አልልም።

አስካለ፦ ትያለሽ። ትወጂዋለሽ፤ ፊትሽ ላይ ይታያል። ተገጣጥሞ ካርቶን ውስጥ ገብቶ፣ ካርቶኑ በር ላይ ሆኖ ሲመጣ ግን የሚለው ያጣል። እንኪ፣ ነጠላዬን ወንበሩ ላይ አድርጊልኝ፤ ክርኔንም ያዢው።

ርብቃ፦ ምን ሊያደርጉ ነው? ጉልበትዎ ይታመማል አይደል? ወለሉ ቀዝቃዛ ነው!

አስካለ፦ አሁንም አልወድሽም፤ ይህን እወቂ።

ርብቃ፦ እኔም አልወድዎትም።

አስካለ፦ መልካም። በይ ንገሪኝ፤ ጡቦቹን በቀለም ነው የምለየው ወይስ በመጠን?