«ትንሽ ያማል» ያለው አባት

ልጄን ሶልያናን ጥርሷን ላስነቅል እዚህ ውጭ አገር፣ ዱሉዝ ከተማ ጥርስ ሐኪም ጋ ይዣት ሄጄ የገጠመኝን ልንገራችሁ። እቤት ባስቸገረችኝ ቁጥር «ዋ! ዶክተር ጋ ወስጄ መርፌ ነው የማስወጋሽ!» እያልኩ ያሳደግኳት እኔ እናቷ፣ የዚያን ዕለት ደግሞ «ምንም አያምሽም» ብዬ ስምል ስገዘት ማን ይመነኝ? ፓርክ አድርጌ ከመኪናው ያወጣኋት ተሸክሜ ነው።

ተራ ስንጠብቅ አጠገባችን የመጋዘን ሥራ ሰደርያውን እንኳ ያላወለቀ ሐበሻ ከትንሽ ልጁ ጋር ተቀምጧል። ልጅቷ «አባ፣ ያማል?» አለችው። «አዎ፣ መርፌው ትንሽ ያማል። ሲያምሽ እጅሽን አንሺ፣ ዶክተሯ ታቆማለች። ነግሬያታለሁ» አላት። እኔ በሆዴ «ምን ዓይነት ሰው ነው፣ ልጅ እንዲህ ያስፈራራል?» አልኩ። ማን ማንን እንደሚል አያችሁልኝ! ልጅቷ ስሟ ሲጠራ በእግሯ ገባች። ስትወጣ ጥጥ እንደነከሰች «አንዴ አነሳሁ፣ አቆመች!» አለችው እየሳቀች።

ይኼኔ ሶልያና ከጭኔ ወርዳ ሰውየው ፊት ሄዳ ቆመች። «እኔንስ ያመኛል?» አለችው። እኔን እናቷን ትታ እሱን! መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ በወደድኩ። እሱ ግን ሰው ፊት አላሳፈረኝም። «እሱን እናትሽ ታውቃለች፣ እሷን ጠይቂያት» አላት። ዞራ አየችኝ።

«ትንሽ ያማል» አልኳት።

ስሟ ሲጠራ እጄን ይዛ፣ «እሺ፣ ነይ» ብላ እየጎተተች አስገባችኝ።