ሰማንያ ቀን ያልሞላት

ከማክሰኝት ወደ አራዳ በሚሄደው ሚኒባስ የመጋቢት ፀሐይ አናታችንን እያፈላው ነው። ከፊቴ ጨቅላ የታቀፈች ሴትና ጃንጥላቸውን በጉልበታቸው መሀል ያቆሙ ቄስ ተቀምጠዋል።

«አባ፣ ጤና ጣቢያው ድረስ ጥላ ያለው መንገድ በየት ነው? መንገዱ ተቆፍሮ ባጃጅ አይገባም አሉኝ።»

«በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ነዋ! ከበር እስከ በር ዛፍ ነው።»

«ገና አራስ ነኝ እኮ።»

«ስንት ቀንሽ?»

«አርባ አምስት። ክትባቷ ዛሬ ነው።»

«ሴት ናት?»

«ሴት ናት።»

«እንግዲያ ሰማንያ ሳይሞላ ግቢ አትገቢም።»

«ወንድ ቢሆን አርባው አልፎ በጥላ እሄድ ነበር በሉኛ!»

«ሥርዓት ነው፣ ልጄ።»

«መቼ አፈረስሁት? በውጭ በአጥሩ ጥግ እሄዳለሁ። ዛፉ ወደ መንገዱ ያዘነበለ አይደል?»

«እሱማ ተቆረጠ።»

«ምነው? ማን ቆረጠው?»

«ሰካራም እየተጠለለ ቢያስቸግር፣ እኔው አስቆረጥሁት።»

«ሸጋ አደረጉ! ይቺም ሰካራም ናት?»

«አፍሽን ሰብስቢ! በነጠላሽ ሸፍኛት።»

«ሸፍኛት አይደል እንዲህ በላብ የታጠበችው? ወራጅ አለ!»

ሁለቱም ሲወርዱ፣ የቄሱ ጃንጥላ በማን አናት ላይ እንደሚዘረጋ ለማየት አንገቴን በመስኮት አወጣሁ።