ዘበኛውን ያሰረው ማነው

የምስክር ስም፦ አቶ እንዳላማው መሳፍንት
ዕድሜ፦ 54
አድራሻ፦ ደብረ ማርቆስ ከተማ፣ ቀበሌ 05
ሥራ፦ ሸማኔ፣ የሸማኔዎች ማኅበር ሊቀመንበር
የትምህርት ደረጃ፦ ዳዊት የደገሙ፣ በዘመናዊ ትምህርት ሰባተኛ ክፍል
ጉዳዩ፦ በወይዘሪት ማርያማዊት እንዳላማው ላይ የደረሰ የአካል ጉዳት
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ሐሙስ ግንቦት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ጠዋት
ቃሉን የተቀበለችው መርማሪ፦ ምክትል ሳጅን ትሕትና ወልደ ገብርኤል

እኔ ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተጠቀሰው ምስክር የተጎጂዋ የማርያማዊት አባት ነኝ። ወደ ጣቢያው የመጣሁት ተጠርቼ ሲሆን ቃሌን የምሰጠው ግን በፈቃዴ ነው። በእስር ላይ የሚገኘውን ይስማው ደመላሽን አውቀዋለሁ፤ የሮብ ገበያ ልጅ ነው፣ የማኅበራችን የማሽን ቴክኒሻን ነው። ልጄን ሆን ብሎ እንደጎዳት አምናለሁ። ምክትል ሳጅን ትሕትና የሚያምኑትን ሳይሆን ያዩትን ይንገሩኝ፣ ግምት አይጻፍም ስላሉኝ፣ እኔም ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር የሚባለው በከንቱ አይደለም ብዬ ያየሁትን ከመነሻው ለመናገር ተስማምቻለሁ።

ማኅበራችን ባለፈው ጥቅምት አንድ የኤሌክትሪክ የሽመና ማሽን አስገባ። እስከዚያ ድረስ በእጅና በእግር ነበር የምንሠራው። ማሽኑ ከፊት ለፊቱ ወገብ የሚደርስ አግዳሚ ብረት አለው። ሰው እጁን ወደ ውስጥ ሲሰድ ብረቱን ይነካል፤ ብረቱ ሲነካ በጎን በኩል ያለች ጣት የምታክል የብረት ምላስ ወደ ታች ትወድቃለች፤ ምላሷ ስትወድቅ ማሽኑ በራሱ ቀጥ ይላል። ሰው እንዳይጎዳ የተሠራ ነው። ሠራተኞቹ ዘበኛው ብለው ስም አውጥተውለታል።

ይህ ዘበኛ ግን አስቸገረን። ማንም እጁን ሳይሰድ፣ ሥራው ሞቅ ባለበት ሰዓት ማሽኑ ይቆማል። አስነስተነው ዞር ሳንል እንደገና ይቆማል። ይስማው ምክንያቱ የሴቶቹ ነጠላ ነው፣ ሲያጎነብሱ ጫፉ ብረቱን ይነካዋል፣ ነጠላችሁን አስቀምጣችሁ ግቡ ይል ነበር። እኔ ይህ ነገር አልዋጥልህ አለኝ። ነጠላ የሚሠራ ማሽን ነጠላ ነካኝ ብሎ ይቆማል የሚል ወሬ ለሸማኔ አይነገርም። ማሽኑ የተመረቀ ዕለት ከይጁቤ ድረስ ሰው መጥቶ አይቶታል፤ ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል የማን ዓይን ምን እንዳደረገ ማን ያውቃል። በቤቴም በማኅበሩም የምንነጋገረው ይህንኑ ነበር። ነጠላውንም ያስቀመጠ ሰው የለም።

ይስማው ቂም የሚይዝበት ምክንያት አለው ወይ ተብዬ ተጠይቄ፣ አለው ብያለሁ። ባለፈው ጥር ልጄን ለጋብቻ ፈልጎ ሽማግሌ ልኮብኝ ነበር። ሽማግሌዎቹን በክብር አስተናግጄ ልጄ ገና ናት ብዬ መልሻቸዋለሁ። ልጄ ሃያ ሦስት ዓመቷ ስለሆነ ገና እንዳልሆነች እነሱም ያውቃሉ። እውነቱ ልጁን አልወደድኩትም። ዝምተኛ ነው፤ ዝምተኛ ሰው በሆዱ የያዘው አይታወቅም። እምቢ ካልኩትም በኋላ ባገኘኝ ቁጥር ጎንበስ ብሎ ሰላምታ መስጠቱን አልተወም፣ ይህም ራሱ አላማረኝም። አንድ ቀን ማሽኑ አጠገብ ቆሞ የልጄን አንገት ሲያይ ደርሼበት ምን ታያለህ አልኩት። የማተቧን ጫፍ ነው ጋሼ፣ ሰም ለምን ተቀባ ብዬ ብጠይቃት እናቴ ናት አለችኝ፣ ብሎ መለሰልኝ። የልጄ ማተብ አንተን ምን አገባህ ብዬ ተቆጥቼዋለሁ፤ ልጄንም ማታ ቤት ስትገባ ተቆጥቻታለሁ።

በሚያዝያ መጨረሻ አካባቢ፣ ቀኑን በትክክል አላስታውስም፣ ማሽኑ እንደልማዱ ሲቆም ይስማው መፍቻውን አስቀምጦ በሠራተኞች ፊት "ይህን ዘበኛ አንድ ቀን አስረዋለሁ" አለ። ሠራተኞቹ ሳቁ። ልጄም ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ማሰር ሁለት ዓይነት ነው፤ በገመድም ይታሰራል፣ በፖሊስም ይታሰራል። እሱ ያኔውኑ በፖሊሱ ማሰር ስቀልድ ነው ቢልም እኔ የሰማሁት የገመዱን ነው። ስለዚህ አደጋው በደረሰበት ማክሰኞ ዕለት ለመጡት ፖሊሶች ይህን ቃል የነገርኳቸው እኔ ነኝ፤ ዘበኛውን ያሰረ ዘበኛ ይሰረው ብዬም ተናግሬያለሁ።

የማሽኑ ቤት ቁልፍ ያለው በእኔና በይስማው እጅ ብቻ ነው። ከአደጋው በፊት በነበሩት ቀናት ማን ገባ ተብዬ ተጠይቄ የሚከተለውን አስረድቻለሁ። ቅዳሜ ግንቦት 23 ቀን ጊዮርጊስ ስለሆነ ሥራ አልነበረም። ባለቤቴ ወይዘሮ የብርጓል ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ በላስቲክ ጠርሙስ ፀበል ይዛ መጣችና ማሽኑን ልርጨው አለችኝ። በሩን ከፈትኩላት። እኔ ከአንድ ጎረቤት ባለሱቅ ጋር ውጭ ቆሜ ሳወራ እሷ ረጭታ ወጣች። ይህ እንኳ በፖሊስ ወረቀት የሚሰፍር ነገር አልነበረም፤ ስለተጠየቅሁ ነው። ወደ ቤት ስንሄድ ይቺ ልጅ በዚህ ማሽን መዋሏ ያሰጋኛል ስላት "አንተ አታስብ፣ አስሬላታለሁ" አለችኝ። በዚያ ሳምንት አዲስ ማተብ ስትገምድ አይቻት ስለነበር፣ ለልጃችን አስራላታለች ብዬ ደስ አለኝ።

ሰኞ ይስማው ፈቃድ ወስዶ ሮብ ገበያ ወላጆቹ ዘንድ ሄዶ ነበር። ከቀን ሁሉ ሰኞን ለምን መረጠ የሚለው ጥያቄ እስካሁን አልለቀቀኝም። በዚያ ቀን ማሽኑ አንድ ጊዜም ሳይቆም ዋለ። ሠራተኞቹ ተደሰቱ፣ እኔም ፀበሉ ሠራ ብያለሁ። ዛሬ ሳስበው ግን ዘበኛው እንዳይሠራ አድርጎ ራሱን ከቦታው ለማራቅ ሄዷል ብዬ ጠርጥሬዋለሁ።

ማክሰኞ ግንቦት 26 ቀን ሦስት ሰዓት ገደማ ማርያማዊት ማሽኑ ላይ ነበረች። እኔ ከበሩ ጎን ድር እያዘጋጀሁ ነበር። ማጉ ሲተበተብባት አይታ ልታወጣው እጇን ሰደደች። ዘወትር እንዲህ ነው የሚደረገው፤ እጅ ሲገባ ዘበኛው ያቆመዋል። ያን ዕለት አላቆመም። ማጉን የሚደቃው ብረት በቀኝ እጇ ላይ መጣ። ድምጿን ስሰማ የልጄ ድምፅ መሆኑን አላወቅሁትም። እኔ ሳልነሳ ይስማው ከግቢው በር ሮጦ ገብቶ መብራቱን አጠፋ፤ ቦርሳው እንኳ ከትከሻው አልወረደም። ቀድሞ የደረሰው እሱ ነው። የሚሆነውን የማይጠብቅ ሰው እንዲህ አይፈጥንም ብዬ ያኔውኑ ልብ ብያለሁ። እጇን ካላቀቀ በኋላ በነጠላዋ ጠቅልሎ ለእኔ አስታቅፎኝ ባጃጅ ጥሩ እያለ ሲጮህ፣ ወደ ማሽኑ ጎን ዞሮ በሰንጢ አንድ ነገር ቆርጦ ኪሱ ሲከት በዓይኔ አይቻለሁ። ምን እንደሆነ አላየሁም። የደበቀውን ነገር ለፖሊስ የነገርኩት እኔ ነኝ፤ ሲፈተሽም ኪሱ ውስጥ ተገኝቷል ሲባል ሰምቻለሁ።

ሐኪሞቹ ከልጄ ቀኝ እጅ ሁለት ጣት ቆርጠዋል። ማርያማዊት ለማኅበሩ ጥለት የምትሥል ናት፤ የምትሥለው በዚያ እጅ ነው። ስትነቃ መጀመሪያ የጠየቀችው ጣቷን አይደለም፤ አባባ፣ ይስማው የት አለ ነው ያለችው። ታስሯል አልኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አንገቷን ሳይ ያለው አሮጌው ማተብ ብቻ ነው። አዲሱን ማን ቆርጦ ጣለው ብዬ አንዷን ነርስ ብጠይቅ እኛ ማተብ አልነካንም አለችኝ፤ አላመንኳትም። ባለቤቴ ግን ከአልጋው ግርጌ ተቀምጣ "እንኳን አሰርኩላት፤ ባላስርላት ኖሮ ሙሉ እጇን በበላው ነበር" እያለች ፈጣሪዋን ታመሰግን ነበር።

ይስማው ከታሰረ ጀምሮ ምን እንዳለ ጠይቄ፣ ምክትል ሳጅን ትሕትና ኪሱ ውስጥ ስለተገኘው ነገር ሲጠየቅ የማን እንደሆነ አላውቅም ከማለት በቀር ሌላ ቃል እንዳልሰጠ ነገሩኝ። እኔም የሚያውቅ ሰው እንጂ የማያውቅ ሰው እንዲህ ዝም አይልም፣ ጥፋተኛ ባይሆን ኖሮ ይጮህ ነበር አልኩ። እንዲያውም የተገኘው ነገር ይታየኝ ብዬ የጠየቅሁት እኔ ራሴ ነኝ። መርማሪዋ ከፖስታ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡልኝ። የማሽኑ ምላስ ወደ ታች እንዳትወድቅ ከኋላዋ ካለው ብረት ጋር ታስራ የነበረችበት መሆኑን ምላሷ ላይ ከቀረው ምልክት አውቀናል ብለው ገለጹልኝ።

ያየሁት ጥቁር የጥጥ ማተብ ነው። በመሐሉ አንድ ሰማያዊ ክር ይሄዳል። ቋጠሮው ድርብ ነው። ሁለቱም ጫፎች የጧፍ ሰም ተቀብተዋል።

ምክትል ሳጅን ትሕትና ቃልዎ በዚህ ይብቃ ወይስ የሚጨምሩት አለ ብለው ጠየቁኝ። ውኃ ለመንኳቸው። ውኃ ሰጡኝ። ከጠጣሁ በኋላ የሚከተለውን ጨምሬያለሁ።

ማተቡ የባለቤቴ የእጅ ሥራ ነው። የባለቤቴ አባት ነፍሳቸውን ይማርና ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ ሠሪ ነበሩ፤ የክር ጫፍ እንዳይተረተር በሰም መዝጋትን ከእሳቸው ነው የተማረችው። በአካባቢያችን እንዲህ የሚያደርግ ሌላ ሰው አላውቅም። ሰም የገባው ቋጠሮ አይንሸራተትም፤ ምላሷን አንቆ የያዛትም ለዚህ ነው። ቅዳሜ አስሬላታለሁ ስትለኝ የልጄን አንገት መስሎኝ ነበር። እሷ ያሰረችው ለማሽኑ ነው፣ ልጃችንን እንዲጠብቅላት። ማተብ የሚታሰረው አንገት ላይ ነው፤ በዚያ ሁሉ ብረት ላይ አንገት የሚመስል ቀጭን ቦታ ቢኖር ምላሷ የተያያዘችበት ብቻ ነው። አንገት ፈልጋ አሰረችበት። በሩን የከፈትኩላት እኔ ነኝ።

ይስማው ያቺን የሰም ጫፍ ያውቃታል። ጠይቆ ያወቀው ነገር ነው፤ በዚያው የተቆጣሁትም እኔ ነኝ። ማክሰኞ ዕለት ቆርጦ ኪሱ የከተተው ሊሰውረው ነው፣ ግን ራሱን ሊያድን አይደለም። የማርያማዊት እናት በገዛ እጇ ያደረገችውን እንዳታይ ብሎ ነው። ሦስት ቀን የታሰረው አላውቅም እያለ፣ እያወቀ ነው። ዝምተኛ ሰው በሆዱ የያዘው አይታወቅም ያልኩት እኔ ነኝ፤ ይህን እንደያዘ አላወቅሁም። በልጁ ላይ ያደረግሁት ነገር አሳፍሮኛል።

ከላይ ዘበኛውን ያሰረ ዘበኛ ይሰረው ያልኩት እንዲሰረዝልኝ ጠይቄ፣ የተሰጠ ቃል አይሰረዝም ስለተባልኩ እንዳለ ይቆይ። እኔም ሳላውቅ የተናገርኩት በማን ላይ እንደሆነ ይታይ።

ባለቤቴ ወይዘሮ የብርጓል አሁን ከጣቢያው በር ውጭ ተቀምጣ እየጠበቀችኝ ነው። ጠዋት ስንመጣ ጥቁር ክር ይዛ ማተብ ትገምድ ነበር። ለማን ነው ብላት መግመዷን ቀጠለች። ለማን እንደሆነ አሁን ገብቶኛል፤ የፊተኛው ተቆርጧል፣ ማሽኑ ያለ ማተብ ቀርቷል ብላ ነው። ስለዚህ ሁለት ነገር እለምናለሁ። አንደኛ፣ ለጥያቄ ከመጠራቷ በፊት እኔ ባሏ ልንገራት። ከፖሊስ አፍ የሰማችው እንደሆነ አትድንም። ከእኔ ብትሰማም መዳኗን አላውቅም። ሁለተኛ፣ ያላሰረው ሰው ታስሯልና ይስማው ይፈታልኝ።

የሰጠሁት ቃል ከላይ የተጻፈው ነው። ተነቦልኝ ሰምቼዋለሁ። መጀመሪያ ላይ አምናለሁ ብዬ የተናገርኩት ስህተት መሆኑን፣ አይቻለሁ ያልኩት ግን ሁሉም እውነት መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ እንዳላማው መሳፍንት (ተፈርሟል)
ቃሉን የተቀበለችው፦ ምክትል ሳጅን ትሕትና ወልደ ገብርኤል (ተፈርሟል)

የመርማሪዋ ማስታወሻ፦ ምስክሩ ከፈረሙ በኋላ ከክፍሉ ወጥተው ባለቤታቸው አጠገብ ተቀምጠዋል። ወይዘሮ የብርጓል ለጊዜው አልተጠሩም።