ኦክ ዛፍ ስር የደረሱኝ ለቅሶ

አትሳቁብኝና፣ ድሩይድ የሚባለውን፣ ዛፍና ወንዝ የሚያከብር እምነት ከኢንተርኔት መማር ጀምሬ ነበር። የመጀመሪያው ትምህርት «አንድ ዛፍ ምረጪ፤ በየቀኑ ሄደሽ ዝም ብለሽ አብረሽው ሁኚ» ይላል። ዝም ማለቱን እንኳ ድሮም ተክኜበታለሁ። እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ፣ ከአፓርታማዬ ጀርባ ያለውን ትልቅ ኦክ መረጥኩ። አንድ ቀን ከሥራ መልስ ግንባሬን ግንዱ ላይ አስደግፌ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ቆሜያለሁ። ነጠላ የለበሱ እናት ከኋላዬ መጥተው ትከሻዬን ያዝ አደረጉኝ።

«ልጄ፣ ማን ሞቶብሽ ነው?»

«ኧረ ማንም አልሞተብኝም፣ እማማ።»

«ታዲያ ሰው የለሽም?»

ስለ ድሩይድ ላስረዳቸው አፌን ስከፍት እንባዬ ቀደመኝ። እሳቸውም ፌስታላቸውን አስቀምጠው፣ ለቅሶ ቤት እንደመጣ ሰው አጠገቤ ሣሩ ላይ ዝም ብለው ተቀመጡ። ሲነሱ «እግዜር ያጽናሽ» አሉኝ።

ማንም ሳይሞትብኝ «አሜን» አልኩ።