እትዬ መስታወት እና የተዘጋባቸው ክፍል

ተማሪዎቻቸው «እትዬ መስታወት» እያሉ የሚጠሯቸው ታላቅ እህታችን፣ ከልብስ ሰፊ አባታችንና ከአዋላጅ እናታችን ተወልደው፣ የበኩር ልጅ በመሆናቸው እኛን ታናናሾቻቸውን እያዘሉ አደጉ። በመምህራን ማሠልጠኛ እንግሊዝኛ ተምረው ሲመረቁም በአንድ የጎልማሶች ትምህርት ቤት ተመደቡ።

ተማሪዎቻቸው ዘበኞች፣ ሹፌሮችና የጽዳት ሠራተኞች ነበሩ። እትዬ ባልዲና መጥረጊያ ክፍል ድረስ ይዘው እየገቡ፣ ዕቃውን እያስነኩ ስሙን በእንግሊዝኛ ያስጠሩ ነበር፤ በአንዳንድ የእንግሊዝኛ ድምፆች ምላስ በጥርስ መሀል ሲወጣም እንዲያዩት ለእያንዳንዱ ተማሪ የኪስ መስታወት ያስይዙ ነበር። በሌላው ስሕተት የሳቀ ሰው መስታወቱን ይዞ ራሱ እንዲሞክር ይታዘዝ ስለነበር በክፍላቸው የሚስቅ አልነበረም።

ከአናጢው ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴቶች ልጆችን አፍርተዋል።

ይህ ግን ተሸፋፍኖ አይታለፍም፦ አዲስ የተሾሙት ርእሰ መምህር ከበር ቆመው ለአፍታ ካዳመጡ በኋላ፣ የእትዬ አነጋገር «የፈረንጅ ቃና የለውም» ብለው በተማሪዎቻቸው ፊት ከክፍሉ አስወጧቸው፤ በቦታቸውም የፈረንጅ ንግግር የተቀዳበት ቴፕ አስቀመጡ። ጉድ ነው! ቴፕ የተሳሳተን ያርማል? ያፈረን ያበረታታል? ተማሪዎቹ አንድ በአንድ እየተንጠባጠቡ ወደ እትዬ ሳሎን መጥተው ትምህርቱ በዚያ ቢቀጥልም፣ እሳቸው ግን ወደ ክፍላቸው ለመመለስ ደጅ እንደጠኑ፣ መልስ የሚሰጣቸው ሳያገኙ ጡረታ ወጡ።

ባለፈው ዓመት ስትሮክ መትቷቸው የስንቱን አፍ ያፍታታ አንደበታቸው ሲያዝ፣ ተማሪዎቻቸው ተራ ገብተው፣ መስታወት በፊታቸው ይዘው፣ ዕቃ እያስነኩ፣ ትምህርቱን ከመጀመሪያው ጀመሩላቸው። ከብዙ ድካም በኋላ መጀመሪያ የወጣቻቸው ቃል «ዋተር» ነበረች። ቃናዋ የማንም ይሁን፣ አልጋው አጠገብ የነበረችው የጽዳት ሠራተኛ ወዲያው ውሃ አቀረበችላቸው።

ሕመሙ ግን አገርሽቶባቸው ከትናንት በስቲያ አርፈዋል። ዛሬ ጠዋት ከትምህርት ቤቱ «ምትክ የማይገኝላቸው መምህርት» የሚል ጽሑፍ የታሰረበት የአበባ ጉንጉን ደረሰን። ምትክማ በቁማቸው ተገኝቶላቸው ነበር! አበባው ከበር ውጭ እንዲቀመጥ ቤተሰቡ ወስኗል።

እትዬ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ እኛን ወንድምና እህቶቻቸውን፣ መስታወታቸውን በኪሳቸው ይዘው እዚህ የቆሙትን ተማሪዎቻቸውንም ትተው ሄደዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ማንም ከበር ቆሞ በማያስወጣቸው ስፍራ ያሳርፍልን።